ዕዳውን ከፍለናል፤ አውጫጭኙ መቼ ነው?



ሰሞኑን ወልድያ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ አንድ ጡረተኛ መምህር መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ። ከሰላምታው በኋላ ፊት ለፊታችን ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የነበሩ ሦስት ወጣቶችን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ እነዚህን ተማሪዎችህን ምከራቸው እንጂ! ሰው ተቆልፎበት እርስ በርሱ የሚተላለቅበትን ነገር ጨዋታ ብለው ይዘው ይውላሉ። እናንተ ታዲያ ምኑን ነው የምታስተምሯቸው?» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ፣ እመክራቸዋለሁ» ብዬ አለፍሁት። የኔን መምህር አደባባይ ላይ መከራከር አላስቻለኝም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቴም በትረካ ላይ ነበር። ሳላነብ መምከር ስለማይሆንልኝ፣ ከአንድ ተማሪዬ ጨዋታዎቹን በፍላሽ ተቀብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አነበብኋቸው። ከዚያ በኋላ የደረስሁበት መደምደሚያ ጋሼን የሚያስደስታቸው አይደለም። ልጆቹን አልመክራቸውም። መመከር ያለብን እኛ ነን። ልጆቻችን የሚያነቡት ዝግ ክፍል መጨረሻው ላይ መልስ አለው። እኛ የምንኖርበት ዝግ ክፍል ግን መልስ የለውም፤ ከዚያም የከፋው፣ መልስ መጠየቅ ማቆማችን ነው። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ጨዋታው ምን ይላል?

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ቪዥዋል ኖቭል የሚባለው በጃፓን የተስፋፋ የልቦለድ ዓይነት ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ይነበባል፤ ሥዕልና ሙዚቃ አለው፤ አንባቢው በየመታጠፊያው ውሳኔ እየሰጠ ታሪኩን ወደዚህ ወይም ወደዚያ ይወስደዋል። ከእነዚህ መካከል ጋሼን ያስቆጣቸው ታጋቾች ለሞት ጨዋታ የሚገደዱበት ዓይነት ነው።

ኮታሮ ኡቺኮሺ የጻፈውና በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ በር» አንዱ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ታፍነው ከአንድ መርከብ ውስጥ ይነቃሉ። እያንዳንዱ እጅ ላይ ቁጥር ያለው አምባር ታስሯል፤ እንዳያወልቀው ተደርጎ። በሩ የሚከፈተው ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች ቁጥራቸውን አቀናጅተው የበሩን ቁጥር ሲያስገኙ ብቻ ነው። ሕጉን የጣሰ ይሞታል። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ነው። አጋቹ ፊቱን አያሳይም፤ «ዜሮ» የሚል ስም ብቻ አለው።

ሁለተኛው በካዙታካ ኮዳካ የተጻፈውና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዳንጋንሮንፓ» ነው። እዚህ ደግሞ የታገቱት ተማሪዎች ናቸው፤ የታገቱትም በገዛ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ሞኖኩማ የሚባል የድብ አሻንጉሊት ሕጉን ያነብላቸዋል፤ መውጣት የሚፈልግ ጓደኛውን ይግደል፤ ከዚያም ችሎት ይቀመጣል። ተማሪዎቹ ተመካክረው ገዳዩን በትክክል ከለዩ ገዳዩ ብቻ ይቀጣል፤ ከተሳሳቱ ገዳዩ ነፃ ይወጣና የቀሩት ሁሉ ይገደላሉ። ለመግደል የሚያነሣሣቸው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የቤተሰቦቻቸውን አስጨናቂ ምስል ያሳያቸዋል። ቀጥሎ ገመናችሁን አወጣዋለሁ ይላቸዋል። በሦስተኛው ገንዘብ ያቀርብላቸዋል። ቤተሰብ፣ ገመና፣ ገንዘብ፤ እነዚህን ሦስቱን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ታዲያ እነዚህ ሥራዎች በሞት የሚዝናኑ ናቸውን? አይደሉም። አንባቢውን በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያቆየው ደሙ አይደለም፤ ደራሲው የገባለት ቃል ነው። ቃሉም ይህ ነው፤ «በሩን ማን እንደ ቆለፈው፣ ለምን እንደ ቆለፈው፣ እያንዳንዱም ሰው ምን እንደ ደረሰበት ሳልነግርህ አትወጣም።» በዚህ የልቦለድ ዓይነት አንድ ሰው ያለ ምክንያት ጠፍቶ ቢቀር፣ ስሙም ሳይነሣ ታሪኩ ቢዘጋ፣ አንባቢው መጽሐፉን ይወረውረዋል። ተታልያለሁ ይላል። ያነበበው ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀ እንኳ ይቈጣል።

እስቲ እንግዲህ ወደ ገደለው እንግባ።

የእኛ ዝግ ክፍሎች

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ቄለም ወለጋ ውስጥ ታገቱ። አብዛኞቹ የአማራ ክልል ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሴቶች። በጥር ወር የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ፕሬስ ሴክሬታሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ 21 ተማሪዎች፣ 13 ሴቶችና 8 ወንዶች፣ መለቀቃቸውን ተናገረ። ወላጆች ግን «የት አሉ? ድምፃቸውን አልሰማንም» አሉ። በዚያው ጥር ወር መገባደጃ በአማራ ክልል ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በመጋቢት አምነስቲ ኢንተርናሽናል 17 ተማሪዎች የደረሱበት አለመታወቁን አስታወቀ። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ ሌላ ጦርነት መጣ። ዜናው በዜና ተሸፈነ። የእነዚያ ልጆች ስም አንድ በአንድ ተነብቦ «ይህችኛዋ እዚህ ናት፣ ይህኛው እንዲህ ሆነ» የሚል ይፋዊ መልስ ግን ለወላጅ አልተሰጠም።

የዳንጋንሮንፓ አንባቢ በአንድ ምናባዊ ተማሪ ቀልድ አይታገሥም። እኛ በ17 እውነተኛ ተማሪዎች ላይ ታሪኩን ዘግተን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍን።

የሚቀጥለው ምዕራፍም ብዙ አልዘገየም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተያዙ። ከመቶ በላይ መንገደኛ ማለት ነው። የክልሉ መንግሥት አብዛኞቹን አስለቅቄያለሁ አለ፤ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻችን አልመጡም፣ አጋቾቹም ገንዘብ እየጠየቁን ነው አሉ። ያው የጥር 2012 ድርሰት በሌላ መቼት ተደገመ። በዚያ መንገድ የሚጓዝ ሰው አሊ ዶሮን ሲያልፍ በልቡ የሚጸልየውን ጸሎት እርሱና ፈጣሪው ያውቁታል።

እገታው የሩቅ ሰው ሥራ ብቻ ነው ብሎ ራሱን የሚያጽናና ካለም ይስማ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዲት ሕፃን ታግታ ተገድላ በመገኘቷ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ። ያንን ያደረገው ከሌላ ቋንቋ፣ ከሌላ አገር የመጣ ጠላት ነው ያለ ማንም አልነበረም።

ወደ እኛ ቀዬ ልመለስ። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ መርሳ አለች፤ የሀብሩ ወረዳ ከተማ። ምድሯ ለም ነው፤ ፍራፍሬው፣ ማሽላው፣ ጤፉ አይታማም። ሆኖም ከሀብሩና ከአካባቢው ወጣቱ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ መጉረፉን ካላቆመ ብዙ ዘመን ሆነው። አንድ የመርሳ ዘመዴ፣ ገበሬ ናቸው፣ ልጃቸው በወጣ በስድስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለላቸው። ድምፁ የልጃቸው ነበር፤ ንግግር ግን አልነበረም፤ ጩኸት ብቻ። በየመን የባሕር ዳርቻ ራስ አል-ዓራ አካባቢ ደላሎች ስደተኛውን የሚያጉሩበት «ሆሽ» የሚባል አጥር ግቢ አለ። ልጁ እዚያ ነበር። እኒያ አባት በሬያቸውን ሸጡ፣ ባሕር ዛፋቸውን አስቆረጡ፣ ከዕድሩ ተበደሩ፤ ከፈሉ።

ልጁ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ አግኝቼዋለሁ። ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዞ የሚደበድበኝ ዐረብ አልነበረም። ያገሬ ልጅ ነበር። እርሱም ገንዘብ የሚልክለት ዘመድ አጥቶ ነው እዚያ ሥራ የገባው።»

ታጋቹ የሌላ ታጋች ገራፊ ሆኖ ነፍሱን ያተርፋል። ከጃፓን የመጣ ሐሳብ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ከሀብሩ የወጣ ልጅ ከየመን ይዞት የተመለሰው ሐሳብ ነው።

ከየመን ያለፉትስ? ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። በዚያ ዘገባ ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር አለ። ከጥይቱ የተረፉትን ጠባቂዎቹ አጠገባቸው ቆመው «የትኛውን አካልህን እንምታህ?» ብለው እያስመረጡ ተኩሰውባቸዋል። አስመርጠው! ምርጫ ሰጡት ማለት ነው። ኡቺኮሺም ኮዳካም እንዲህ ያለ ትዕይንት ቢጽፉ ጋሼ «አእምሮው የታመመ ደራሲ» ይሏቸው ነበር። የወሎ፣ የሐረርጌ፣ የትግራይ ልጅ ላይ ሲፈጸም ግን የሁለት ቀን ዜና ሆኖ አለፈ።

አምባሩን ማን አሰረልን?

አሁን ወደ ሦስቱ ልመለስ፤ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ገመና፣ ወደ ገንዘብ።

አጋች መሣሪያ ስላለው ብቻ አያሸንፍም። የሚያሸንፈው ሕጉን እርሱ ስለሚያወጣና እኛ ተለያይተን ስለምንጫወትለት ነው። ለእናት የልጇን ጩኸት ያሰማታል፤ ይህ ቤተሰብ ነው። «ለፖሊስ ብትናገሩ፣ ለጋዜጠኛ ብትናገሩ» ይላል፤ የታገተችው ሴት ከሆነች ደግሞ ቤተሰቡ የሰው ወሬ ፈርቶ ራሱ አፉን ይዘጋል፤ ይህ ገመና ነው። ከዚያ ዋጋውን ይጠራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየጓዳው ተዘግቶ ብቻውን ይደራደራል፤ ጎረቤቱ ባለፈው ወር ስንት እንደ ከፈለ አያውቅም፤ ለማን እንደ ከፈለም አያውቅም።

በ1950 እ.ኤ.አ. ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የቀመሩት፣ አልበርት ተከር ደግሞ የእስረኞች ታሪክ ያለበሰው አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ። ሁለት እስረኞች በተለያየ ክፍል ይታሰራሉ፤ ሁለቱም ዝም ቢሉ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሌላው ይከዳኛል ብሎ ስለሚፈራ ሁለቱም ይካካዳሉ። የ«ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ በር» ተከታይ የሆነው የኡቺኮሺ ሥራ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ታጋቾቹ ሦስት ሦስት ነጥብ ይዘው ይጀምራሉ። ሁለቱ ወገኖች ከተማመኑ ለሁለቱም ሁለት ሁለት ይጨመራል፤ አንዱ ከካደ ከሐዲው ሦስት ያገኛል፣ የታመነው ሁለት ያጣል፤ ሁለቱም ከካዱ ምንም የለም። ዘጠኝ የሞላለት ይወጣል፤ ዜሮ የደረሰ ይሞታል። አንባቢው ደጋግሞ ከተሸነፈ በኋላ የሚማረው ትልቅ ነገር፣ እንቆቅልሹ የሚጸናው በክፍሎቹ መሐል ባለው ግድግዳ መሆኑን ነው። ታሳሪዎቹ መነጋገር የቻሉ ዕለት የአጋቹ ሒሳብ ይፋለሳል።

የእኛ ግድግዳ ምንድን ነው? ሳላድበሰብስ ልናገር። የእኛ አምባር ላይ የተጻፈው ቁጥር ብሔር ነው። አውቶቡስ ቆመ፣ ሰው ታገተ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ሰው? የት? በሕይወት አሉ?» አይደለም። «የማን ልጆች ናቸው?» ነው። የእኛ ከሆኑ እንጮኻለን፤ የእነርሱ ከሆኑ ዝም እንላለን፤ አንዳንዴም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ «ይቅመሷት» እንላለን። አማራው ወለጋ ላይ ሲታገት ዝም ያለው፣ ኦሮሞው አማራ ክልል ውስጥ ሲያዝ ይጮኻል። በወለጋው የጮኸውም በተራው ዝም ይላል። እንዲህ አድርገን ለአጋቹ የከፈልነውን ውለታ ማንም የጦር መሪ አልከፈለለትም።

ጨዋታዎቹን ላልጨረሳችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ምሥጢር ላውጣ። በዘጠኙ በሮችም ሆነ በመጀመሪያው ዳንጋንሮንፓ ጨዋታውን የዘረጋው አካል በመጨረሻ የሚገኘው ከሩቅ አይደለም። ከታሳሪዎቹ ቁጥር ውስጥ ነው። አብሮ ሲፈራ፣ አብሮ ሲቆጠር የነበረ ነው። እኔም ይህን ሳነብ ያ የመርሳ ልጅ ያለኝ ትዝ አለኝ። አጋቾቻችን ከሰማይ አልወረዱም። ደላላው የቀበሌ ሰው ነው፤ ጠቋሚው መናኸሪያው ውስጥ ይውላል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰርግ ላይ አብሮን ይበላል።

ጋሼ የነገሩኝ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼን እዚያው በረንዳ ላይ አገኘኋቸውና እውነቱን ነገርኋቸው። «ጋሼ፣ ልጆቹን አልመከርኋቸውም» አልኋቸው። የዳንጋንሮንፓን ችሎት፣ ሁሉም ተዘግቶበት ገዳዩ እስኪገኝ የማይበተን መሆኑን ሳስረዳቸው ከዘራቸውን አስቀምጠው ሣቁ። «ታዲያ ይኼ አፈርሳታ አይደለም እንዴ!» አሉ። አባታቸው ስለ ተሰረቀች በቅሎ ሦስት ቀን አፈርሳታ ተቀምጠው ሽንብራ እየቈረጠሙ እንዳደሩ አጫወቱኝ። «በሦስተኛው ቀን ግን ወፏ ተናገረች፤ በቅሎዋም ተገኘች» አሉ።

እኔ ስንት የውጭ መጽሐፍ ሳገላብጥ ከደጃችን ያለውን ረስቼው ነበር።

ለወጣት አንባቢዎቼ ላስረዳ። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የምንለው ያልታወቀ ሰው ወንጀል ሲፈጽም የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የማይበተንበት የቆየ የምርመራ ሥርዓት ነው። የቀረ ይቀጣል። የሚያውቅ ሰው በምሥጢር ይጠቁማል፤ ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል፤ ማንነቱ አይገለጥም፤ ቂም እንዳይያዝበት። ወንጀለኛው ካልተገኘ ነዋሪው ተባብሮ የተበዳዩን ጉዳት ይከፍላል።

ሥርዓቱን ላሞግሰው አልተነሣሁም። ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ይራብ ነበር፤ በእርሻ ወቅት ገበሬው ከሥራው ይፈታ ነበር፤ ያላጠፋ ይከፍል ነበር። ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ምርመራ ነው። ንጹሑ የሚከፍለው ምርመራው ተቀምጦ፣ ሁሉም ተጠይቆ፣ መልስ ከታጣ ብቻ ነበር።

የእኛን ዘመን እዩልኝ። በሬ ሸጠን፣ ቤት አስይዘን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ለምነን፣ ውጭ አገር ያለ ወገን አስቸግረን ማስለቀቂያ ከፍለናል። ሳናጠፋ፣ ተባብረን፣ ከአቅማችን በላይ ከፍለናል። የአፈርሳታውን ዕዳ ከፈልን ማለት ነው። አፈርሳታው ግን አልተቀመጠም። አያቶቻችን ለአንዲት በቅሎ ሦስት ቀን ተቀመጡ። እኛ ለ17 ተማሪዎች ሦስት ሰዓት አልተቀመጥንም።

«ግን እኮ…» ለሚሉን

አንዳንድ አዋቂዎች «መፍትሔው ቤተሰብ እንዳይከፍል መከልከል ነው» ይላሉ። አጋች የሚበረታታው በክፍያ ነው የሚለው ሐሳብ እውነት አለው። ጣሊያን በ1991 እ.ኤ.አ. የታጋች ቤተሰብ ንብረት እንዲታገድ ሕግ አውጥታለች፤ የናይጄሪያ ሴኔትም በ2022 እ.ኤ.አ. ክፍያን ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ አጽድቋል። ሆኖም ጣሊያን ቤተሰቡን ብቻ አላገደችም፤ አጋቾቹን እያሳደደች ችሎት ፊት አቁማለች። ያንን ሳያደርጉ እናትን መከልከል፣ በሩን ሳይከፍቱ ታሳሪዋን ስለ ረገጠችው ሕግ መቅጣት ነው። ልጇ ስልክ ውስጥ እየጮኸ «ለአገር ስትይ አትክፈይ» የሚላት ሰው አስቀድሞ የራሱን ልጅ ያስብ።

ሌሎች «አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ናት፤ መንግሥት የትኛውን ይድረስ?» ይላሉ። የወልድያ ሰው ጦርነት ምን እንደሆነ ከማንም አይማርም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ምን እንዳየን እናውቃለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የክልላችን ሰው በተኩስና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ በመንገድና በኢንተርኔት መዘጋት መሐል ስንት ጊዜ እንደ ተንገላታ እናውቃለን። ሁሉንም ጫካ ነገ አጽዱ አላልንም። የጠፉትን ሰዎች ስም መዝግቦ የታወቀውን ለወላጅ መንገር ግን ታንክ አይጠይቅም። ወረቀትና እውነት ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኞቹ «ሁሉም ወገን ያግታል፤ የቱን ታወግዛለህ?» ይላሉ። ሁሉንም! በሸኔ ስም ያገተውን፣ በፋኖ ስም ያገተውን፣ የመንግሥት የደንብ ልብስ ለብሶ ሰውን ከመንገድ ወስዶ ለቤተሰቡ የት እንዳደረሰው ያልተናገረውን፣ ምንም ስም ሳይኖረው በሽፍትነት ያገተውንም። ሁሉም ያግታል ማለት አውጫጭኙ ሰፊ ይሁን ያሰኛል እንጂ አይቀመጥ አያሰኝም።

የምንጠይቀው

ይህ የማይሆን ሕልም ነው የምትሉኝ፣ አርጀንቲናን ተመልከቱ። ወታደራዊው አገዛዝ እንደ ወደቀ፣ በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. የተሰወሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ። እንዲመራው የተጠራው ማን ነበር? ኤርኔስቶ ሳባቶ፤ የልቦለድ ደራሲ። አንድ ዓመት ሳይሞላ 8,961 የተሰወሩ ሰዎችን መዝግቦ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔራሎቹ ፍርድ ቤት ቆሙ። ታሪክ ያለ መልስ መዘጋት እንደሌለበት የሚያውቅ ሰው ነበር የተቀመጠበት።

በእኛም አገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ እውነትን ማፈላለግ አንዱ ምሰሶው ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 14 የሕይወት፣ የአካል ደኅንነትና የነፃነት መብትን ደንግጓል። ወረቀቱ ሞልቷል። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የታገቱና የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች ስም ዝርዝር በይፋ ይውጣ፤ የመጀመሪያውም ገጽ የደምቢ ዶሎ ተማሪዎች ይሁን። ከእያንዳንዱ ስም ጎን መንግሥት የሚያውቀው ይጻፍ። «ሞታለች» የሚለውም መልስ ነው። እናቲቱ ለቅሶ ተቀምጣ ተዝካር ታወጣለች። ከስድስት ዓመት በላይ በር በሩን እያየች መኖር ግን ለጠላትም አይመኙትም።

ሁለተኛ፣ የገንዘቡ መንገድ ይመርመር። አጋች በስልክ ይደውላል፤ ስልክ ቁጥር አለው። ገንዘብ በእጅም ይሁን በባንክ ያልፋል፤ የተቀበለ ሰው አለ። መርሳ ላይ የተከፈለ ገንዘብ የመን ያለ ልጅ ካስፈታ፣ በመሐል ያለው ሰንሰለት አንዱ ጫፍ እዚሁ አገር ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ «ተለቅቀዋል» ብሎ የተናገረ ባለሥልጣን ማን እንደ ነገረው ቀርቦ ያስረዳ። በድሮው አፈርሳታ ባላባቱም ጭሰኛውም እኩል ይቀመጥ ነበር ብዬ አልዋሽም። በዛሬው ግን አጥሩ ውስጥ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ቃል የሰጠው ነው።

አራተኛው ለእኛ ነው። ለእኛ ለተማርነው፣ ለምናስተምረው፣ ለምንጽፈው። ሰው ታገተ ሲባል ብሔሩን ከመጠየቃችን በፊት ስሙን እንጠይቅ። ዕድሮቻችን፣ አጥቢያዎቻችን፣ መስጊዶቻችን ማን፣ መቼ፣ የት ታገተ፣ ስንት ተከፈለ የሚለውን ይመዝግቡ። ለቅሶ መመዝገብ የሚያውቅ ዕድር ይህን አያቅተውም። የክፍሎቹ ግድግዳ የሚፈርሰው የአንዱ ጓዳ ምሥጢር ከሌላው ጓዳ ምሥጢር ጋር ሲገናኝ ነው። ወፏም የምትናገረው የሚሰማት ሸንጎ ሲኖር ነው።

እኔ ራሴ ከተወቃሾቹ መካከል ነኝ። በጥር 2012 ዓ.ም. አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ ከባልደረቦቼ ጋር በሻይ ሰዓት ብዙ ተነጋግሬያለሁ። ከዚያ የፈተና ወረቀት ማረም ጀመርሁ። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል የአንዲቷን እንኳ ስም ሳላይ ዛሬ በቃሌ ልጥራ ብል አልችልም። በጨዋታው ውስጥ ያሉትን የጃፓን ልጆች ስም ግን በሁለት ሳምንት ሸምድጃቸዋለሁ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ጋሼም ያን ዕለት ሊሄዱ ሲነሡ ወጣቶቹን ደግመው አዩዋቸው። «መጨረሻው ላይ ይገኛል አልኸኝ? ቆላፊው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ይገኛል» አልኋቸው።

«ተዋቸው እንግዲያ፤ ይልመዱት» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቸር ወሬ ያሰማን።